አባ ድንኳን ወደ ወፍ ዋሻ

ሐሩን፣

ወደ ወፍ ዋሻ ጫካ ሄጃለሁ። ድንኳኑንም ይዣለሁ።

ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ሙላ። ወፍራሙ ብርድ ልብስህ እኔ ጋ ነው፤ ይቅርታ። ይቅርታዬ ለእሱ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ አትላስ ሰፈር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቤት ያለው ሰው ጫካ ያድራል? ውጭ አገር ያስተማሩህ ይህን ነው፣ አባ ድንኳን?» ብለህ አሳቅህብኝ። አብረን ልንሄድ ቃል መግባትህን ግን አላነሳህም።

ፈረስ ሳልይዝ የፈረስ ስም አወጣህልኝ።

እዚህ አገር የሚሆነውንና የማይሆነውን ገና አላውቅም፤ ቢሆንም ሳልሞክረው አልቀርም።

አንኮበር ላይ ባለፈረሱ ጋሽ ገረመው ሁለት ፈረስ ጭነው ይጠብቃሉ። መቅረትህን አልነገርኳቸውም። ገሩን ፈረስ ላንተ መርጬልህ ነበር፤ አሁን የምጋልበው እኔ ነኝ።

አስቸጋሪው ፈረስ ነገ እስከ ረፋድ እንደተጫነ ይቆይሃል።

አባ ድንኳን