የወይዘሮዋ ቀኝና ግራ

የካቲት 2፣ ረቡዕ

የጎረቤትን ሬዲዮ ጠገንኩ። አንድ ቡሎን ተረፈኝ። ሁልጊዜ አንድ ይተርፈኛል… ፋብሪካው ለምን አብዝቶ ያስራል?

ለእታለም ምሳ ይዤ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱን ሜዳ የምትይዘው ታላቅ እህቴ ናት። ማጨዱ ደህና ነው፣ ትንሿ ትራክተር ላይ ቁጭ ብላ ነው። መጥረጉ ግን በእጅ። ያ ሁሉ ዛፍ፣ ያ ሁሉ ቅጠል፣ በአንድ ባለ ጥርስ መጥረጊያ፣ በሬክ።

ከትልቁ ዛፍ ጀርባ አገኘኋት። ግንዱን ተደግፋለች፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ።

«አንቺ ነሽ ዛፉን የያዝሽው፣ ወይስ እሱ ነው አንቺን?» አልኳት።

«ምሳውን አስቀምጥና ሂድ።»

ድሮ ቢሆን እንዲህ ብዬ አመልጣታለሁ? መልሷ እስከ ማታ ያሳክከኝ ነበር። ዛሬ ምንም። አልወደድኩትም።

የካቲት 3፣ ሐሙስ

ኮረንቲ ሁሉንም ተናገረች። የእታለም ልጅ ናት። ሲነኳት ስለምትነዝር እኔ ነኝ ኮረንቲ ያልኳት። ነርስ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ሳይነኳትም ትነዝራለች።

«አጎቴ፣ እማዬ ወለል ላይ ነው የምትተኛው። አልጋው ለወገቧ አልተመቻትም። ፍራሹን አውርዳዋለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንዳትነግሪው ብላኛለች።»

ሌላም አለ። ዳይሬክተሩ ጠርቷታል። የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት የካቲት 14 ሰኞ ይከፈታል፤ ሜዳው እስከዚያ ካልጸዳ ማሽን ያለው ድርጅት እናስገባለን፣ «እርስዎም ይረፉ» ብሏታል።

ይረፉ! ቃሉ ለስላሳ ነው… እንደ ሙዝ ልጣጭ። ረግጠህ ስትወድቅ ነው የሚገባህ።

እታለም ያለዚያ ሜዳ ምን ትሆናለች? ቤት ተቀምጣ እኔን ስታይ ልትውል ነው? ከሁለት አንዳችን እንሞታለን።

ከሰዓት የትምህርት ቤቱን መጋዘን በዘበኛው አስከፈትኩ። ከተሰበሩ ወንበሮች ኋላ አንዲት ተጎታች መጥረጊያ አገኘሁ። ትራክተር ይጎትታታል፤ ጎማዋ ሲዞር ሆዷ ሥር ያለው ብሩሽ ይዞራል፤ ብሩሹ ቅጠሉን አፍሶ ከኋላዋ ባለው ትልቅ ከረጢት ይወረውራል። ሸረሪት አድርቶባታል።

ዘበኛው «እሷ እኮ ድሮ ሞታለች» አለኝ።

«ቀብሯ ላይ ነበርክ?»

የካቲት 4፣ ዓርብ

ተጎታቿን መጥረጊያ ወይዘሮዋ ብያታለሁ። በራሷ አትሄድም፣ ቦርሳዋ ትልቅ ነው፣ ካልተለማመጧትም አትሠራም።

ጠዋት ገፋ አደረግኳት። ጎማው ይዞራል፣ ብሩሹ ንቅንቅ የለም። ተኛሁና ከሥር አየሁ። ሲባጎ፣ ሽቦ፣ የልጆች የጫማ ማሰሪያ… ሁሉም ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ገመድ ሆኗል። በቢላ ቆረጥኩት። አሁንም እምቢ። በግራ በኩል ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ በዝገት ተጣብቋል። በጣቴ ላዞረው ብሞክር እንደ አማቴ ዝም አለኝ።

ማን አስተማረኝ? ማንም። ፈትቼ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ፈታሁ። ሁለቱንም ጎማ አወጣሁ፣ ከየጎማው ውስጥ ብሩሹን የሚያዞሩትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አወጣሁ፣ ሁሉንም አንድ ሳፋ ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ጥርሶቹ ሲታጠቡ አማሩ። መንታ ናቸው፣ ቁርጥ አንድ።

እታለም መጣች፣ ሳፋውን አየች።

«ይህን ሁሉ መልሰህ ትገጥመዋለህ?»

«ሰው ይጠራጠራል?»

«ሰው አይደለም። እኔ ነኝ።»

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

ብስክሌት ሠሪው ጋ ልኩ የሆነ ኩሽኔታ ተገኘ። ግራሶ ቀባሁ፣ ገጠምኩ፣ አጠበቅሁ። ብሩሹን በእጄ ባሽከረክረው እንደ ሕፃን ሳቀ። አንድም ቡሎን አልተረፈም!! በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። እንዲያውም ትንሽ አስፈራኝ።

የካቲት 7፣ ሰኞ

ውርደት።

እታለም ትራክተሩ ላይ ወጣች፣ ወይዘሮዋን ከኋላ ቀጠልኩላት። ዘበኛው ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ሄደች… ሄደች… ጎማው ይዞራል፣ ብሩሹ ተኝቷል። ቅጠሉ እንዳለ አለ። የእኔ ወይዘሮ ሜዳውን ጎብኝታ ተመለሰች።

«ብሩሹ ከፍ ብሎ ነው» አልኩ። ዝቅ አደረግሁት። መሬቱን ቧጨረ እንጂ አልዞረም። «ሣሩ እርጥብ ነው» አልኩ። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ሣሩን ዳሰሰ፣ ደረቅ መዳፉን አሳየኝ። ይሄ ሰው ጠላቴ ነው።

እታለም ሞተሩን አጠፋች። ከትራክተሩ ወረደች። ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ አንድ እግር፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላው። ሬኳን አንሥታ ሄደች።

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ፈታሁ። ገጠምኩ። አልሠራም።

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ጥርሱ ተበልቶ ይሆን? ብየዳ ቢያስፈልገው ብዬ ለብረት ሠራተኛው አሳየሁት። አገላበጠው። «ጥርሱ ከአንተ ጥርስ ይሻላል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? ኩሽኔታው አዲስ፣ ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ ደህና። ሁሉም ጤነኛ ነው፣ በሽተኛው ግን አይነሣም።

ኮረንቲ ማታ መጥታ፣ «አጎቴ፣ ተወው። እማዬን አሳምናትና ትረፍ» አለች።

«አንቺ በሽተኛ ሲያስቸግርሽ ትተይዋለሽ?»

«በሽተኛዬ እናቴ ናት እንጂ ያንተ ቆርቆሮ አይደለችም!»

ነዘረችኝ። ልክ ናት። ግን አልተውም። እታለም አንድ ጊዜ እንኳ «እርዳኝ» ያላለችኝ ሴት ናት። ሳትጠይቀኝ የጀመርኩትን ሳትጠይቀኝ ልተወው? በፍጹም።

የካቲት 11፣ ዓርብ

ይኸው! ይኸው! እጄ ናፍጣ ነው፣ ወረቀቱ ይቅር ይበለኝ።

ዝናብ ያስፈራራ ስለነበር ወይዘሮዋን ወደ መጋዘን ልናስገባት ነበር። ከትራክተሩ ፈታኋት። እኔ ከኋላ ከረጢቷን ያዝኩ፣ እታለም ከፊት መጎተቻውን ይዛ ገፋ አደረገቻት። ወደ ኋላ ማለት ነው። ያን ጊዜ… ቅርርርር! ብሩሹ ዞረ! ቅጠሉን፣ አቧራውን፣ የሳምንቱን ቆሻሻ ሁሉ አፍሶ ከረጢቱ ውስጥ ሳይሆን እታለም ቀሚስ ላይ ደፋው።

ቆመች። ከጸጉሯ ላይ አንድ ቅጠል አነሣች። አየችው። ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

«ወደ ፊት ሲሏት እምቢ፣ ወደ ኋላ ሲሏት እሺ… ይቺ ያንተው ልጅ ናት።»

ሣቅሁ፣ ከዚያ ተንበርክኬ ብሩሹን አየሁ። ወደ ኋላ!

ብስክሌት! ፔዳሉን ወደ ፊት ስትረግጥ ሰንሰለቱ ይይዛል፣ ወደ ኋላ ስትረግጥ ባዶ ይሽከረከራል። የወይዘሮዋ ትንንሽ ጥርሶችም እንደዚያው ናቸው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚይዙት። የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ተሠርቷል። እኔ ደግሞ ሁለቱን አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ «መንታ ናቸው» ብዬ… የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ! በኋላም ስፈታ ስገጥም እያንዳንዱን ወደ ተሳሳተው ቦታው በጥንቃቄ ስመልስ ከረምኩ።

የመጀመሪያው በሽታዋ ዝገት ነበር። ሁለተኛው እኔ ነኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ፈታሁ። እታለም ባልዲ ገልብጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ የኮረንቲን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች። እሷ ጋ ምን ይሠራል? አልጠየቅሁም። የቀኙን ጥርስ ከእጄ ተቀብላ ጎኑን ቀባችው።

«ቀዩ ቀኝ ነው። በል።»

«ቀዩ ቀኝ ነው።»

«ድገም።»

ደገምኩ። ዘበኛውም ከበሩ ላይ ደገመ።

የካቲት 13፣ እሑድ

ሠራች!! ትናንት ግማሹን፣ ዛሬ ቀሪውን። እታለም ከትራክተሩ ሳትወርድ ሜዳውን ዞረች፣ ወይዘሮዋ ከኋላ ከኋላዋ። ከረጢቱ ሲሞላ የምገለብጠው እኔ ነኝ። ትራክተር የማይገባበትን ጥግ ጥጉን በሬክ የምጠርገውም እኔ። ትእዛዝ የምቀበለውም እኔ። «እዚያ አንድ ቅጠል አለ!» አንድ! ዐይኗ አልታመመም።

ዳይሬክተሩ ወጥቶ ዳር እስከ ዳር ሄደ። ጫማውን አየ፣ አንድም ቅጠል አልያዘም።

«እናታችን፣ ይህን ማን ጠገነው?»

«ወንድሜ ነው።» እኔ ደረቴን ነፋሁ። «ያበላሸውም እሱ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ድርጅቱን እንደማይጠራ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ሜዳው የእሷ እንደሆነ ነገራት። እታለም ራሷን ነቅነቅ አደረገች ብቻ። ሲሄድ ግን ትራክተሩን አስነሥታ ምንም ባልነበረበት ሜዳ አንድ ዙር ሄደች። ለምን? ደስ ብሏት ነዋ።

የካቲት 14፣ ሰኞ

ትምህርት ተከፈተ። ልጆች ሜዳው ላይ ተንከባለሉ።

ኮረንቲ ጠዋት ደወለች። ፍራሹ አልጋው ላይ ተመልሷል። ወገቧ አልዳነም፣ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስይዛላታለች፣ ግን ትናንት ማታ አልጋዋ ላይ አደረች። «ቆርቆሮህን አመስግንልኝ» አለች። ልጅቷ ስትለሰልስ ያስፈራል።

ምሳ ይዤ ሄድኩ። በላን። ከትልቁ ዛፍ ሥር ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ እታለም ትራክተሩ ላይ ሆና ወደ ሌላ ቦታ ታያለች። በጣም ወደ ሌላ ቦታ። ዘበኛው ደግሞ በመዳፉ አፉን ሸፍኗል።

እቤት ስገባ ነው ያየሁት። የቀኝ እጄ አውራ ጣት ጥፍር ቀይ ነው። ዳር ዳሩን ሳይነካ፣ በጥንቃቄ የተቀባ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የመለሰችልኝ?

ናፍጣ ቢያስለቅቀው ያስለቅቀዋል፤ ሳፋው እዚሁ አጠገቤ ነው። ነገ ደግሞ ብረት ሠራተኛው ጋ መሄድ አለብኝ፣ ያየዋል፣ ከተማው ሁሉ ይሰማል…

ይሰማ።