የዘሃራ የቅንጭብ አጥር

ሰኞ
የጣልያኑን ሹም ግቢ ስከረክም ዋልኩ። ክረምቱ ቁጥቋጦውን አሳብዶታል። ሎሚው መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፤ ደረቁን ቅርንጫፍ አነሳሁለት። ከአስተርጓሚው በቀር ያነጋገረኝ ሰው የለም። የነሱን መቀስ ከያዝኩ ወዲህ ሸዋ ሮቢት በሙሉ አኩርፎኛል። ደብረ ሲና የተዳረችው ልጄም መልእክት መላክ ትታለች። ማታ ቤት ገብቼ ራሴን “እንደምን አመሸህ” አልኩት። ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ
አዲስ ትእዛዝ። አርበኞች እየተደበቁ መኪና ስለሚመቱ፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አጥር ሁሉ እስከ ጉልበት ይቆረጥ ተባለ። ቆራጩ እኔ። የሰው ገመና የሸፈነ አጥር ነው እኮ። ሰባት ቤት ጨረስኩ። ውሃ ለመንኩ፤ የሰጠኝ የለም።

ረቡዕ
የጎረቤቴ የዘሃራ አጥር ላይ ደረስኩ። ቅንጭብ ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ባሏ ኡመር አርበኞቹን ከተቀላቀለ ቆየ፤ ሞቷል ይባላል። ጥቂት እንደቆረጥኩ ኡመርን በክፍተቱ አየሁት። ቁርበት ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ በጨርቅ ታስሯል። ተያየን። ዘሃራ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።
“አዩት?”
“አየሁት።”
“እንግዲህ ከአላህ በታች በእጅዎ ነን፣ ጋሼ ወልዴ።”
ይህን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ከሰፈሩ ሰው ስሜን የጠራችው እሷ ብቻ ናት። የቆረጥኩትን ቅንጭብ ክፍተቱ ላይ መልሼ ከመርኩና ሄድኩ።

ሐሙስ
ጠዋት ለሹሙ፣ የቅንጭብ ወተት ዓይን ስለሚያጠፋ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ አልኩ። “ሰበብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ወታደር ልኬ አስቆርጠዋለሁ” ማለቱን አስተርጓሚው ነገረኝ። ወጣሁ። አንድ ቅንጭብ ሰብሬ ወተቱን በጣቴ ግራ ዓይኔ ውስጥ ጨመርኩት። እሳት ነው። እየተደናበርኩ ተመልሼ “ይኸው፣ ፈነጠቀብኝ” አልኩ። ሹሙ ያበጠውን ዓይኔን አይቶ ፊቱን አዞረ። ወታደሮቹ ቀሩ። እስከ ሰኞ ተሰጠኝ።

ዓርብ
እብጠቱ ወደ ቀኙም ተዛምቶ ሁለቱም ዓይኖቼ አልገለጥ ብለው ዋሉ። ዘሃራ የፍየል ወተት ይዛ መጣች።
“ምን ነክቶዎት ነው እንዲህ ያደረጉት?”
“ፈነጠቀብኝ አልኩሽ።”
አላመነችኝም። ዓይኖቼን በወተቱ አጠበችልኝ። ሰው ፊቴን ከነካው ስንት ጊዜዬ ነው? አለቀስኩ መሰለኝ፤ በወተቱ አሳበብኩ።

እሑድ
ቀኝ ዓይኔ ተገለጠ፤ የዓርቡንም ይህንንም የምጽፈው በሱ ነው። በግራው ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፣ የሰው መልክ አልለይም። ኡመር በበቅሎ ወደ ደጋ ወጥቷል። በየት እንዳለፈ አልጠየቅሁም።

ሰኞ
አጥሩን እስከ ጉልበት ቆረጥኩት። ከመንገድ ሲያዩት ግቢው ባዶ ነው። ጎረቤቶች ቆመው አዩኝ። አንዱ “የደካማ ሴት አጥር” ብሎ ምራቁን ተፋ። ዘሃራ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ራሴን ነቅንቄ ከለከልኳት። ቁጭ ብላ የተቆረጠውን ትሰበስብ ጀመር።
አንድ ቃል ብትናገር ሰፈሩ ይቅር ይለኝ ነበር። ግን ኡመር ይድረስ አይድረስ ገና አናውቅም።