የዓሣ ገንዳው ክዳንና የኔ እንጨት

ሚዙሆ፣

እትዬ ኪታሙራ ትናንት በሕዝብ መታጠቢያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ፉሳኤ፣ የልጅ ልጅሽ እኮ ‹አያቴ መርሳት ጀምራለች፣ ዓሣዎቼን ፈጀቻቸው፣ መጦሪያ ላስገባት ነው› አለችኝ» አለችኝ።

እኔ ጓደኛዬ ቶሜ ቤት ነኝ። ሩዝ ማብሰያው ውስጥ አለልሽ።

የተረፉት ዓሣዎች እንዳያልቁ ስሚኝ። የገንዳውን መብራት ስታጠፊ በቱቦ ለውሃ ተክሎቹ የሚገባውንም ጋዝ ዝጊው። ተክሎቹ ጋዙን የሚበሉት ብርሃን ሲያገኙ ነው፤ በጨለማ ግን ክዳኑ ሥር ይታፈንና ዓሣ ይገድላል። ማታ ማታ ክዳኑን ሩዝ በምንበላበት ቀጭን እንጨት ከፈት አድርጌ የማሳድረው ለዚህ ነበር። አንቺ ግን «ፎቶ ያበላሻል» ብለሽ እንጨቱን ጣልሽው፣ ጋዙንም ሳትዘጊ ተኛሽ።

ጠዋት ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያጣጥሩ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩ። ለቶሜ ብቻ ነው የነገርኳት። እሺ፣ ለአትክልት ሻጯም።

አዲስ እንጨት ክዳኑ ላይ አስቀምጬልሻለሁ።

ትናንት በመታጠቢያው ግን ቶሜ ከሙቁ ውሃ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «የረሳችው ሚዙሆ፣ መጦሪያ የምትገባው ፉሳኤ?» አለች።

ያ ሁሉ ሴት ወደ እትዬ ኪታሙራ ዞረ። እሷም ሳሙናዋን እንደያዘች ቀረች።