የማላቲ ልጅና አያ ትልቁ

ከቦርጉሪ መንደር፣ አሳም
ማግ ወር በገባ በሁለተኛው ሳምንት

ይድረስ ከዓይኔ ለራቅኸው ለሩኑ አባት፣

“ነብር ዝሆን አይበላም” አለ የደን ሹሙ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። የተማረ ሰው ስለሆነ አመንኩት። እንግዲያው የዝሆናችንን የማላቲን ግልገል፣ ቱኑን የበላው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው፤ ሰንበር በሰንበር የሆነ፣ ጢማም፣ መዳፉ የራት ሳህን የሚያክል ሌላ ነገር።

እንዴት ነህ? ጃይፑር ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል አሉ። አሮጊቷ ዝሆናችን እግሯን አሟታል ብለህ ነበር፤ ተሻላት? ቱሪስት ተሸክማ ያንን ዳገት መውጣቷስ አልቀረላትም? እኛ ደህና ነን። ሩኑ ለበዓሉ መጥታ፣ የሩዝ ቂጣውን አሳርራ፣ ወደ ባሏ ቤት ተመልሳለች። ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርህ ደስ ባለኝ። ግን ወሬው ወደ ማላቲ ሲዞር መስመሩ ይቆረጣል፤ ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ሲደርስ። ወረቀት አይቆረጥም ብዬ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሣር አጫጃችን ሞኒራም ማላቲን እንደ ወትሮው ሲመሻሽ ለግጦሽ ወደ ደኑ ለቀቃት፤ ቱኑም ከሆዷ ሥር እየተሽሎከለከ ተከተላት። በነጋታው የምትጎትተውን ሰንሰለት ዱካ ይዞ ሊያመጣት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ባዶ እጁን ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

“እትዬ፣ አያ ትልቁ መጥቶ ነበር።”

“ምን ሊያደርግ?”

“ምን ሊያደርግ ይመጣል? እንዴት ከረማችሁ ሊለን ነዋ!” አለና ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ አለቀሰ።

መቼም ታውቀዋለህ፣ ባገራችን በስማቸው የማይጠሩ ሁለት ፍጡራን አሉ፤ ጫካ ውስጥ ነብር፣ ቤት ውስጥ ባል። ስማቸውን ያነሳች ሴት ጠርታ ታመጣቸዋለች ይባላል። ነብሩ ሳይጠሩትም መጣ።

ሄጄ ቦታውን አየሁት። ያ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር እንደ አውድማ ተደልድሏል። የማላቲ የፊት እግሮች በአጭሩ ሰንሰለት እርስ በርሳቸው ስለታሰሩ ሩጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መንፏቀቅ ብቻ። ተንፏቅቃ ልትደርስበት ስትል ነብሩ ልጇን እየጎተተ ፈቀቅ ይላል፤ እንደገና ትንፏቀቃለች፤ እንደገና ፈቀቅ። በጉልበቷ የወደቀችበት ሁሉ ጎድጉዶ ውሃ አቁሯል። እግሯ ልቅ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ጮኻ ብትነሳበት አያ ትልቁ ወንዙን ሳይሻገር እንደማይቆም የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ጋዜጣው ግን ነብሩን “ዝሆን ገዳዩ ጀግና” ብሎ አወጣው። ስለ ሰንሰለቱ አንዲት መስመር የለችም፤ ቦታ ጠቧቸው ይሆናል። ከእንግዳ ማረፊያውም ቱሪስቶች በጂፕ መጥተው አጥንቱን ፎቶ አነሱ። አንዷ ትከሻዬን እየዳበሰች “ተፈጥሮ ነው” አለችኝ። ትከሻዬን እንድትለቅልኝ እኔም “ተፈጥሮ ነው” አልኳት።

የደን ሹሙ ደግሞ፣ ነብር ዝሆን ስለማይበላ፣ “ግልገሉ ገደል ገብቶ ሞተ” ብሎ መዘገበ።

“ጌታዬ፣ አገሩ እኮ ሜዳ ነው” አልኩት። “ገደሉ የት ነው?”

“ይፈለጋል” አለኝ።

አባትህ በሕይወት ሳሉ የምታጠባ ዝሆን የፊት እግሯ አይታሰርም ነበር። የኋላ እግሯ ላይ ረጅሙን ሰንሰለት አስጎትተው ይለቋታል፤ በቃ። ሞኒራምም ይህንኑ በስልክ ነግሮሃል፤ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንተ ግን “የሻይ እርሻው ውስጥ ገብታ ብትረግጥባቸው ይወርሱብኛል፣ እሰሩ!” አልክ። የዚያን ዕለት መስመሩ አልተቆረጠም፤ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ዲምበሽዋር፣ እሰሩ ያልከው አንተ ነህ።

ይኸው ስምህን ጻፍኩት። ትመጣ እንደሆነ አያለሁ።

አሁን ደግሞ በወንድምህ በኩል ላክህብኝ፤ ማላቲ ልጅ ስለሌላት እዚያ የሚያቆያት የለም፣ በአሮጊቷ ፋንታ ዳገቱን ትውጣ፣ የጭነት መኪናው ሐሙስ ይደርሳል ብለህ። “ለውጥ ሐዘኗን ያስረሳታል” አልክ አሉ። አንተም ጃይፑር ሄደህ ሐዘንህን የረሳኸው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ምክርህን አልንቀውም። እሷ ግን የሙዝ ግንድ ብናቀርብላት አትነካም። ጡቷ ሞልቶ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ስለዚህ ትናንት የዱር ዝሆኖች መንጋ በወንዙ ዳር ሲያልፍ ሞኒራምን ሣር እጨድ ብዬ ላክሁትና ብረቶቿን በሙሉ ፈታሁላት፤ የፊቱንም፣ የኋላውንም። “ሂጂ የኔ እናት፣ ዞረሽ እንዳታዪን” አልኳት። ከመንጋው አንዲት ጆሮዋ የተተለተለ አሮጊት ቀረበቻትና ኩምቢዋን ማላቲ አፍ ውስጥ ከትታ ቆየች፤ ሲተዋወቁ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ተያይዘው ሣሩ ውስጥ ገቡ። ጅራቷን እስካጣው ድረስ ቆሜ አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ካገባኸኝ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለጠየቀኝ ሁሉ “በጥሳ ሄደች” እላለሁ። የደን ሹሙም ገደል ገባች ብሎ ይጻፋት። አንተ ግን ቁርጡን እወቅ፦ የሚጫን ዝሆን የለም፣ መኪናውን መልሰው። ካንተ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። ከዚህ ቤት አንዷ እንኳ ታምልጥ።

ብርዱ አያግኝህ። አሮጊቷን ዳገቱ ላይ አታጣድፋት። ያባቶችህ አምላክ ከነብርም፣ ከደን ሹምም፣ መልካም ከሚመክሩህ ሰዎችም ይሰውርህ።

የሩኑ እናት
ታሩላታ

ፖስታውን ሳልዘጋው አደረ። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ማላቲ ግቢው ውስጥ፣ የምትታሰርበት ግንድ አጠገብ ቆማለች፤ ሁለቱን የፊት እግሮቿን፣ ለማሰር እንዲመች፣ ገጥማ።