የኤሊዓድ ፍሬን

ውድ ኤሊዓድ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ተናደድኩ። ደህና መሆንህን እናትህ ነግራኛለች፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ አጎትህ ነኝ።

ወታደር ቤት ከገባህ ወዲህ ብስክሌትህ እኔ በረንዳ ላይ ቆሟል። ውለታ ልዋልልህ ብዬ ሚግዳል ሰፈር፣ ብስክሌት ሠሪው ይግዛው ጋ ወሰድኩት። ገልብጦ አየውና ሳቀ። “ጋሼ ደርሶ፣ የፍሬኑ ሸራ እኮ አልቋል! ልጁ የት ነው የሚነዳው? አሽቀሎን ውስጥ ተራራ አለ እንዴ?”

ተራራ የለም። ከፊቱ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከግቫት ጺዮን እስከ ባርኔአ ተሽቀዳደምን፤ አንተ በዚያ ቀላል አዲስ ብስክሌት፣ እኔ በዕድሜ አንተን በሚበልጠው፣ የማርሹ መቀየሪያ ታች ስለሆነ በቀየርኩ ቁጥር ወደ ጉልበቴ በሚያጎነብሰኝ ብረት። መጀመሪያ ሰሞን ትንፋሽህ ማጅራቴ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ በኋላ በኋላ ዞር ስል ከሩቅ ነው የማይህ። ፈጠንኩ አልኩ! ኮርቻዬን ከፍ አደረግኩ፣ ጎማ አስቀየርኩ፣ ዳቦ ቀነስኩ። ሰዓት ይዤ አላውቅም፤ ሰዓቴ አንተ ነበርክ። ስትደርስብኝ “ዶድ፣ አታ ቲል!” ትለኛለህ፤ አጎቴ፣ ሚሳይል ነህ ማለትህ ነው። ሚሳይል በሚወድቅበት በዚህ ከተማ ሚሳይል መባል ያስደስታል? እኔን ጅሉን አስደሰተኝ። በምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው የለም።

እናትህ ሸጌ ጋ ደውዬ “ለካ ፍሬን እየያዘ ነው ከኋላዬ የሚቀረው!” ብዬ ጮኽኩባት። “ታዲያ አጎቱን ቀድሞ ይሂድ? ነውር አይደለም? ካቮድ ነው እንጂ!” አለችኝ። ክብር መሆኑ ነው! እንዲህ ያለው ክብር ይቅርብኝ።

ስድስት ዓመትህ ሳለ ሚግዳል ገበያ ውስጥ ቀድመኸኝ ብትሮጥ፣ ጆሮህን ቆንጥጬ “ታላቅ አይቀደምም” ያልኩህ እኔው ነኝ። አልክድም፤ ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ግን እኮ ስለ እግር መንገድ ነበር ያልኩህ! አሁን በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ፈጥኜ ይሁን አንተ አዝነህልኝ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ያ ሁሉ ላብ የእኔ ነበር፣ ኤሊዓድ። ውጤቱን ቀማኸኝ።

በሚመጣው ዓርብ ለፈቃድ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። አዲስ የፍሬን ሸራ አስገብቼልሃለሁ። ከቻልክ እለፈኝ። ስታልፈኝ ሰላምታም ይቅርታም አልፈልግም፤ ጀርባህን ልየውና ስንት እንደቀረኝ ልወቅ። ባርኔአ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ሸራውን አያለሁ። እንደ አዲስ ከሆነ እንታረቃለን።

የሚቆጣህም የሚወድህም አጎትህ፣
ደርሶ