«አፍራሽ ግብረ ኃይል» ይባሉ ስለነበሩት ፕሮፌሰራችን ዕረፍት ከቲዎሬቲካል ፊዚክስ ትምህርት ክፍል የተሰጠ መግለጫ

የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ትምህርት ክፍል አንጋፋ ተመራማሪና መምህርት፣ በባልደረቦቻቸውና በተማሪዎቻቸው ዘንድ «አፍራሽ ግብረ ኃይል» በሚል የፍቅር ስም ይጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት እሑድ ጠዋት በተኙበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ትምህርት ክፍሉ በዕረፍታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ለተቋሙ ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለሚያውቋቸው ሁሉ ይገልጻል።

እንዲህ ባለ መግለጫ ውስጥ ከሐዘን ሌላ ስሜት ማንሳት እንዳልተለመደ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ያለፈውን ዓመት ልባችን ተንጠልጥሎ ስለከረመ፣ ዛሬ ከእንባችን ጋር አንድ ረጅም «እፎይ» አብሮ ወጥቷል። ምክንያቱን እንዲህ ዘርዘር አድርገን የምንጽፈው ከቀብር መልስ የቀረበልን አንድ ጥያቄ በይፋ መመለስ ስላለበት ነው።

ፕሮፌሰሯ ትምህርት ክፍሉን የተቀላቀሉት በ1979 ዓ.ም. ነው። በጊዜው የነበረን ንብረት ሁለት ጠባብ ቢሮዎችና እግሩ የሚወዛወዝ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበር፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው በጉልበቱ ደግፎ ይይዝለታል። አዲስ ሰሌዳ ሲገዛ ግን አሮጌውን አላስወጣም ብለው የተከራከሩት እርሳቸው ነበሩ።

የምርምር ዘርፋቸው አቶሞች በተዘበራረቁበት ቁስ ውስጥ የኳንተም ቅንጣቶች የሚያሳዩት ጠባይ ነበር። አቶሞቹ ሥርዓት ይዘው በተደረደሩበት ቁስ ውስጥ የኤሌክትሮን ሞገድ እንደ ልቡ ይጓዛል። ሲዘበራረቁ ግን ሞገዱ ከያንዳንዱ እየተላተመ ይመለሳል፤ የሚመለሰውና የሚሄደው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ በመጨረሻም ኤሌክትሮኑ ከተነሳበት ሰፈር ሳይርቅ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ለአዲስ ተማሪዎች ሲያስረዱ፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሲል ከደጁ ሳይርቅ የሚመሽበትን ሰው በምሳሌነት ያነሱ ነበር። ባለቤታቸውን ማለታቸው እንደሆነ ተማሪው ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤታቸውም ያውቃሉ።

ዋነኛ ሥራቸው የታተመው በ1991 ዓ.ም. ነው። አንድ ቅንጣት ብቻውን ታስሮ መቅረቱ የታወቀ ነበር። ቅንጣቶቹ ብዙ ሆነው እርስ በርስ ሲገፋፉስ? ቀስ በቀስ ይፈታሉ ወይስ ለሁልጊዜው እንደታሰሩ ይቀራሉ? ፕሮፌሰሯ በአንድ ረድፍ ለተደረደሩ፣ እኛ «ሰንሰለት» ለምንላቸው ቅንጣቶች፣ መዘበራረቁ በቂ ከሆነ መታሰሩ እንደሚጸና የሚያሳይ የሂሳብ ማረጋገጫ አቀረቡ። ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችንን የሠራነው በዚያ ማረጋገጫ ላይ ቆመን ነው።

በ1995 ዓ.ም. የሐሙስ «የማፍረስ ሰዓት»ን መሠረቱ። ማንኛውም ባልደረባ ሥራውን ከማሳተሙ በፊት ሰሌዳ ላይ ያወጣዋል፤ የቀረነው ደግሞ ለማፍረስ እንሰለፋለን። ማድነቅ ክልክል ነው። ፕሮፌሰሯ የፊት ወንበር ይዘው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ያዳምጡና «እስቲ ይቺን መስመር አንዴ ድገማት» ያሉ እንደሆነ፣ የቆመው ሰው ከወዲሁ ላብ ያጠምቀው ነበር። የፍቅር ስማቸውም የወጣው ያኔ ነው። መዶሻ ሳይዙ የብዙ ሰው ቤት አፍርሰዋል። አፍርሰው ግን አይሄዱም፤ ቢሯቸው አስገብተው፣ ከተቆለሉት መጻሕፍት መካከል መቀመጫ አስለቅቀው፣ አብረው እንደገና ይገነቡ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የተቋሙ የምርምር ዳይሬክተር እንዲሆኑ ተጠይቀው «ስብሰባ ላይ የሚፈርስ ነገር አይቀርብም» ብለው ሹመቱን መለሱ። በዚህም የተጠቀምነው እኛ ነን።

ባለፈው ዓመት ሕመማቸው ከታወቀ በኋላ፣ የገዛ ማረጋገጫቸውን በማፍረስ ሰዓት ለማቅረብ ተራ ጠየቁ። እንደ መሰነባበቻ ወሰድነው፤ አንዳንዶቻችን ካሜራ ይዘን መጣን። እርሳቸው ግን የመጡት ለሥራ ነበር። መዘበራረቁ በአጋጣሚ የላላባቸውን የሰንሰለቱን ቦታዎች በ1991 ዓ.ም. «እምብዛም አያጋጥሙም» ብለው በአንድ መስመር አልፈዋቸው ነበር። ሰንሰለቱ እየረዘመ ሲሄድ ግን እምብዛም የማያጋጥመው ነገር የሆነ ቦታ ማጋጠሙ አይቀርም። ያ አንድ የላላ ቦታ ጎረቤቱን ከፈታ፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን ከፈታ፣ ነገሩ እንደ ሹራብ ተተርትሮ ያልቃል። በአብዛኛው የሚሆነውን ሁልጊዜ ይሆናል ብሎ ማለፍ በሙያችን የታወቀ መሰናከያ ነው፤ እርሳቸው ራሳቸው ስንቱን ሰው በዚሁ ጥለውታል። ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉና «ፈረሰ» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሰንሰለቱ በእርግጥ ይጸና እንደሆነ ሳይሞቱ ማወቅ። አይጸናም ቢባሉ እንደሚችሉት፣ ሳያውቁ መሄድ ግን እንደሚከብዳቸው ለሁላችንም ነግረውናል። እኛም የየራሳችንን ሥራ አስቀምጠን ተረባረብን። ወራት አለፉ፤ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

ሕመሙ ሲጠና ታናሽ እህታቸው ቢሯችን ድረስ መጡ። «እባካችሁ፣ ማረጋገጫሽ አልፈረሰም፣ ቆሟል በሏት። ማን ይጎዳል? ዓይናችን እያየ ዕረፍት አጣች እኮ» ብለው ለመኑን። የእህት አንጀት ነውና አልፈረድንባቸውም፤ ከእኛም መካከል የራራ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን «እሺ፣ ቆሟል አልናቸው እንበል። ‹በሉ ሰሌዳ ላይ አውጡት› ሲሉን ምን ሊውጠን ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እኚህን ሴት ለመዋሸት ውሸቱ ራሱ በማፍረስ ሰዓት ማለፍ ነበረበት። እህታቸውም በእንባቸው መካከል ሳቅ አመለጣቸውና ተመለሱ።

መፍትሔው የመጣው ከቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ እዚሁ ከሚያስተምሩትና «ዝምተኛዋ» ከምንላቸው ዶክተር ነው። ዶክተሯ የላሉትን ቦታዎች አላለፏቸውም። አንዱ የላላ ቦታ ጎረቤቶቹን እየፈታ ሲሄድ ጉልበቱ ከርቀቱ ጋር እንዴት እንደሚደክም አሰሉ፤ መዘበራረቁ ብርቱ ከሆነ መተርተሩ ጥቂት ተጉዞ እንደሚቆምም አሳዩ። ነገር ግን ያለ ጉዳት አልሆነም። የሚያስፈልገው መዘበራረቅ ፕሮፌሰሯ ቀድሞ ካሉት እጅግ የበረታ ነው፤ ከዚያ በታች ላለው አሁንም መልስ የለንም።

የዚያን ሳምንት የማፍረስ ሰዓት የተካሄደው ፕሮፌሰሯ በተኙበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ነው። ተረኛዋ ነርስ የመድኃኒት ሰዓት የሚጽፉበትን ነጭ ሰሌዳ አዋሱን፤ የተጻፈው እንዳይነካም አስጠነቀቁ። ስለዚህ ስሌቱ የኪኒኖቹን ስም ዙሪያውን ከቦ ተጻፈ። ወንበር ያልደረሰው ቆመ፤ ኃላፊው የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ፕሮፌሰሯ ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው፣ መነጽራቸውን አስጠርገው «ጀምሪ» አሉ።

አላዘኑላቸውም። ሁለተኛውን መስመር አስደገሟቸው። «ሁለት የላሉ ቦታዎች ቢጎራበቱስ?» አሉ። ዶክተሯ መለሱ። «ጫፉ ላይ ያለውስ?» አሉ። ዶክተሯ በሰሌዳው ጥግ አንድ መስመር ጨምረው መለሱ። ፕሮፌሰሯ ስሌቱን በወረቀት እንዲተዉላቸው አዝዘው ሁላችንንም አሰናበቱን። በማግሥቱ ዶክተሯን ብቻቸውን አስጠርተው «ግማሹን ወስደሽብኛል፤ የቀረው ግን ጸንቶ ይቆማል። አሁን ትራሴን ዝቅ አድርጊልኝ» አሏቸው። ዶክተሯ ከዚያ ወጥተው በስልክ የነገሩን ይህንኑ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የነበርን ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈን አለቀስን። ቅዳሜን ከባለቤታቸውና ከእህታቸው ጋር ሲያወሩ ዋሉ። ለወራት ያልተኙትን እንቅልፍ ተኙ፤ እሑድ ጠዋት በዚያው ዐረፉ።

ከቀብር መልስ ባለቤታቸው የኃላፊውን ክንድ ይዘው ወደ ዳር ወሰዷቸው። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። «ወንድሜ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ‹ምንም አያምም› እያልኩ ጥርስ ስነቅል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማባበል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እህቷ እናንተ ጋ መጥታ እንደነበርም ሰምቻለሁ። አሁን እሷ የለችም፤ የሚከፋው ሰው የለም። ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ እውነት ነበር ወይስ አባበላችኋት?» አሉ። ኃላፊው ሐኪሙን አቅፈው አለቀሱ። ሐኪሙም ለቅሶውን «አባብለናታል» እንደማለት ቆጥረውት እንደሄዱ ከዚያ በኋላ ሰምተናል።

ትምህርት ክፍሉ ለታናሽ እህታቸው፣ ለወዳጆቻቸው፣ ሥራቸውን አፍርሰው ላስተማሯቸው ተማሪዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለባለቤታቸው ግን ከመጽናናት በፊት መልስ ይገባቸዋል።

ክቡር ዶክተር፣ በዚህ ሳምንት ሐሙስ የባለቤትዎን ወንበር ባዶ ትተን፣ ከሌሎች ተቋማት ጭምር ሰው ጠርተን፣ ማረጋገጫውን እንደገና ሰሌዳ ላይ አወጣነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ርኅራኄ ደበደብነው፤ አልፈረሰም። ልናባብላቸው ብንፈልግ ኖሮ ሙሉውን እንሰጣቸው ነበር እንጂ ግማሹን አንወስድባቸውም ነበር። ይህንንም በትምህርት ክፍሉ ማኅተም እናረጋግጥልዎታለን፤ ማንም አልዋሻቸውም። ባለቤትዎ አውቀው ነው የሄዱት።