የሐጂ ጀማል መኪና ብርድ ሲነካት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬም ምንም አላገኘሁም። የሐጂ ጀማል መኪና ከሮቤ ጀምሮ ስትቆራረጥ መጥታ፣ ጎባ እኔ ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ ጤነኛ ሆነች። ሐጂ ራሳቸው ናቸው የነዷት። ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ እንደምታስቸግራቸው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስትሞቅ እንደሚተዋት ነገሩኝ።

የሠራሁት፦ እሳት የሚሰጡትን አራቱንም ካንዴላዎች ፈትቼ ጠረግሁ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አጠብኩ። ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል ብዬ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አራገፍኩ። ጠብታ ውሃ የለም። መኪናዋ እዚሁ ግቢ ውስጥ ትደር አልኳቸው።

እዚህ ደብተር ላይ ብቻ የምጽፈው ነገር አለ። የሞተር ድምፅ እንደ ድሮው አልሰማም። ቀኝ ጆሮዬ ከሄደ ቆየ። ግራው ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭኑን ግን አይዝም። ሃያ ዓመት ከሞተርና ከመዶሻ ጋር ኖሬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ጎባ ላይ ስሜ የወጣው ሞተርን ሰምቶ በሽታውን ያውቃል ተብሎ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ መኪናዎች እንኳ ወደ እኔ የሚመጡት ለዚሁ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ውርጭ ነበር። የመኪናዋ መስተዋት ነጭ ሆኖ አደረ። ሐጂ ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ መጡ። አስነሳኋት። መዳፌን ሞተሩ ላይ ሳስቀምጥ መቆራረጡ እጄ ላይ መጣ። አንዱ ሲሊንደር እሳት ሳይዝ ይዘላል፣ ደግሞ ይመለሳል። የቱ እንደሆነ ሳልለይ ሞቀና ተወው።

ሐጂ "ሰማኸው?" አሉኝ።

"ሰማሁ" አልኩ። ዋሸሁ።

አዲስ ካንዴላ ገጠምኩና አልቋል ብዬ ሸኘኋቸው። ማለቁን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ክፉ ቀን። የሐጂ ባለቤት እትዬ ሐሊማ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ በየሐሙሱ ለመርፌ ጎባ ይመጣሉ። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ በሮቤና በጎባ መሃል ሜዳው ላይ ጠፍታ ቆመችባቸው። ሴትዮዋ ነፋስ ላይ ቁጭ ብለው ብዙ ቆዩ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የመርፌ ሰዓት አልፎ ነገ ተመለሱ ተባሉ።

ሐጂ እኔ ጋ መጡ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "የእኔስ ግድ የለም፣ እሷን ብርድ መታት" ብቻ አሉ። አብሬያችሁ ሮቤ አድሬ ጠዋት ራሴ እነዳለሁ አልኳቸው። የምጽፈው እነሱ ቤት ሆኜ ነው። እትዬ ሐሊማ ከግድግዳው ወዲያ ሲያስሉ እሰማለሁ። ሳል ይሰማኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ገና ሳይነጋጋ ተነሳን። ሐጂ ከኋላ፣ እትዬ ሐሊማ ተሸፋፍነው ከጎኔ። ከሮቤ ሳንወጣ ጀመራት። ዳር ይዤ አቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ። ካርቡራተሩ ላይ አጎንብሼ ሳለ እትዬ ሐሊማ ወርደዋል። በቀኜ ቆመው ሲያናግሩኝ ነበር መሰለኝ፤ አላወቅኩም። ዞረው በግራዬ መጡና እጅጌዬን ያዙ።

"ተፈራ ወንድሜ፣ ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ምንድን ነው? ሞተሩ ሊቆራረጥ ሲል ይቀድመዋል።"

አዳመጥኩ። ምንም የለም። እሳቸው ፊቴን አዩኝ። ሌላ አልጠየቁም። ክንዴን ይዘው ቀስ ብለው ወሰዱትና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር አጠገብ ሲደርስ "እዚህ" አሉ።

ጋቢዬን ከራሴ እስከ ኮፈኑ ድረስ ተከናነብኩ፣ እንዲጨልምልኝ። ያኔ አየሁት። የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ እሳት ብልጭ ይላል። ሳጠፋና ክዳኑን ሳወልቀው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችው። ሌሊት እርጥበት ይገባባታል፣ እሳቱም ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በእርጥበቱ ያመልጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ይደርቅና ይድናል። ይኸው ነው። ለዚህ ነው አምስት ቀን የለፋሁት።

በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት፤ ጎባ ድረስ አልተቆራረጠችም። እትዬ ሐሊማ መርፌያቸውን ተወጉ። ሐጂ ወረቀት ለማስፈረም ሲገቡ ሁለታችን ደጅ ቆየን። "አባቴም እንደዚህ ነበር" አሉኝ። "ስንጠራው ሳይሰማ ፈገግ ይልልን ነበር። የሰማ መስሎን እንሄዳለን።"

ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ከወደቀ አሮጌ ሞተር ደህና ክዳን አውልቄ ገጠምኩላት። ዛሬም ደጅ ትደር ብያለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ውርጩ ከማክሰኞው ይብሳል። በአንድ ጊዜ ተነሳች። መዳፌ ላይ አንዴም አልዘለለችም። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ፣ አቀዝቅዤ ደገምኩ። ደህና ናት።

ሐጂ ሊወስዷት ሲመጡ ሁለት እህል ነጋዴዎች አብረዋቸው ነበሩ፣ አንዱ ከገሰራ። ሐጂ ስለ እኔ ጆሮ ማውራት ጀመሩ፤ ማንም ያልሰማውን እንደሰማሁ። ባልናገር ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር።

"እኔ አልሰማሁትም ሐጂ" አልኩ። "የሰሙት እትዬ ሐሊማ ናቸው። ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም፤ ግራውም እየደከመ ነው። ማክሰኞ ሰማሁ ያልኩዎ ውሸት ነው።"

ነጋዴዎቹ መሬት መሬት አዩ። "ሐሊማ ነግራኛለች" አሉ ሐጂ። "ከአንተ አፍ እስክሰማው ነበር የጠበቅኩት።" ከዚያ እጄን ጨብጠው ሄዱ። የገሰራው ሰውዬ የጭነት መኪናውን ሰኞ ሊያመጣልኝ ነበር፤ ስለ እሱ ምንም ሳይል ተሰናበተኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ከሚካኤል ስንመለስ ለባለቤቴ ለአስካለ ነገርኳት። መንገድ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ። ትደነግጣለች ብዬ ነበር።

"ሁለት ዓመት ሆነኝ ካወቅኩ" አለች። "በግራህ በኩል የምሄደው ለምን ይመስልሃል?"

እውነቷን ነው። በግራዬ ነበረች።

የገሰራው ነጋዴ ነገ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ወሬው ጠቅላይ ግዛቱ ቢሮ ሲደርስ ምን እንደሚሉም አላውቅም። አስካለ ግን ከፈለግክ ጠዋት ጠዋት መጥቼ አዳምጥልሃለሁ፣ ምን ምን እንደሚል ብቻ አስተምረኝ አለች። የላላ ቫልቭን፣ ያለቀ ኩሽኔታን፣ አንድ በአንድ በአፌ እያሰማሁ ላሳያት ሞከርኩ። ሳቀች። ሳቋን በደንብ ሰማሁት።